የተማሪዎቹን ሰሌዳ መልሱ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

ከአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሁለተኛው ነው። ዶክትሬቴን በሰው አገር የተቀበልኩት በፍሳሽ ማጣራት ምህንድስና ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥራዬ የከተማ ቆሻሻ ውኃ ተጣርቶ ወደ ወንዝ እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ዛሬ በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ የምገኝ ጡረተኛ ነኝ። የየትኛውም ፓርቲ አባል ሆኜ አላውቅም፤ ወደፊትም የምሆን አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ «ነገርን ከሥሩ» የሚለውንም ለመሞከር ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቀበና ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ናት። የእሷንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን አንባቢ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ልጆቹ ወንዛቸውን ማጥናት ይፈልጋሉ፤ መለኪያ ግን የለንም» ብላ ብትጽፍልኝ፣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ አንዲት ትንሽ ካርቶን ላክሁላት። በውስጧ ቴርሞሜትር፣ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት፣ የውኃ ውስጥ ነፍሳት ማጥመጃ ወንፊትና፣ በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን መኖሩን በቀለም የሚያሳዩ ብልቃጦች ነበሩ። ኦክስጅን ካለ ብልቃጡ ሰማያዊ ይሆናል። በበዛ መጠን ይደምቃል፤ ከሌለ ቀለም አይይዝም። ሕፃንም ያነበዋል።

ልጆቹ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሦስት ቦታ ለኩ፦ ወደ እንጦጦ ጠጋ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ትንሽ ከፍ ብሎና ከሰፈሩ ድልድይ በታች። ውጤቱንም በአካባቢ ጥበቃ ክበባቸው ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። ሦስት ክብ ሠርተው ቀለም ቀቧቸው፤ የላይኛው ደማቅ ሰማያዊ፣ የመካከለኛው ፈዛዛ፣ የታችኛው ባዶ ነጭ። ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የውኃውን ሙቀት ጻፉ። አንድም የስድብ ቃል የለበትም። አንድም የባለሥልጣን ስም አልተነሳበትም።

ሰሌዳው ሰባት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች «የወንዝ ዳር ልማቱን እንግዶች ሊጎበኙት ነው፤ ይህ ነገር ገጽታ ያበላሻል፤ ለመሆኑ ማን ፈቅዶላችሁ ነው የለካችሁት?» አሉና እንዲነሳ አደረጉ። ብልቃጦቹም «ለጊዜው» በሚል ተወሰዱ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ወንዙ እንደሚሸት ሁሉም ሰው ያውቃል። እኛ የጻፍነው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ምን አጠፋን?» ብላ ጠየቀች አሉ። የመለሰላት የለም።

እኔ ልመልስላት። ልጄ፣ የሚፈሩት ሽታውን አይደለም። ሽታ ቀን የለውም፤ ከየት እንደ መጣም በእርግጥ አይናገርም። ቁጥር ግን ቀንም ቦታም አለው። ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ «ወንዛችን ታድሷል» የሚል ዲስኩር ሲመጣ ተነስቶ ይጠይቃል። የሚፈሩት ያንን ጥያቄ ነው።

እዚህ ያየሁት

ይህን የምጽፈው ከስላይጎ ክሪክ አጠገብ ሆኜ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ያውቃታል፤ ጠዋት ጠዋት በዳሯ የምንራመድባት ትንሽ ወንዝ ናት። ውኃዋ ከሌሎች ጅረቶች ጋር ተደባልቆ አናኮስቲያ ወንዝ ይገባል፤ አናኮስቲያም የአሜሪካንን ዋና ከተማ አቋርጦ ፖቶማክ ላይ ይፈስሳል። ይህ አናኮስቲያ ለብዙ ዘመን «የተረሳው ወንዝ» ሲባል የኖረ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል የከተማው አሮጌ ቱቦ ይሞላና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከዝናቡ ጋር በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። በዳሩ የሚኖሩት አብዛኞቹ ድኻ ጥቁር አሜሪካውያን ስለነበሩ ጩኸታቸውን የሚሰማ አልነበረም።

ታዲያ ማን ቀሰቀሰው? በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእነዚያው ሰፈሮች የወጡ ወጣቶች ከወንዙ ጎማና ቆሻሻ እየጎተቱ አወጡ፤ ከአካባቢው ጠፍቶ የነበረውን የንስር ዝርያ ጫጩት እያመጡ አሳድገው ለቀቁ። ተማሪዎች በክፍላቸው ውስጥ የዓሣ እንቁላል አስፈልፍለው ወደ ወንዝ ይለቅቃሉ፤ ረግረጉ ላይ የዱር ሩዝ ይተክላሉ፤ ቦት ጫማ አጥልቀው ወንዝ ውስጥ ገብተው በወንፊት ነፍሳት ሲቆጥሩ እኔው ራሴ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ለወንዙ የተቆረቆሩ ማኅበራት ደግሞ የከተማውን የውኃና ፍሳሽ ድርጅት ፍርድ ቤት አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2005 በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ተፈረመ፤ ከተማው ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻ ቆፍሮ የሚተርፈውን ፍሳሽ እንዲይዝ ተገደደ። የአናኮስቲያው ዋሻ አንዱ ክፍል በ2018፣ ቀጣዩ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀመረ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ደግሞ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለከረጢት የሚከፈለውን 5 ሳንቲም ያውቁታል። አብዛኛው ወደ ወንዙ ማጽጃ ፈንድ ይገባል፤ ከዚያም ከፊሉ ተማሪዎችን ወንዝ ዳር ወስዶ ለማስተማር ውሏል።

ወንዙ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሁሉ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ቸር ስለሆነ አይደለም። ስለተከሰሰ ነው። ሊከሰስ የቻለው የብክለቱ ማስረጃ በሰው እጅ ስለነበረ ነው። ማስረጃው በሰው እጅ የገባው ደግሞ «ማን ፈቅዶልህ ነው የለካኸው?» ብሎ ሰሌዳ የሚያስነሳ ስላልነበረ ነው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አዲስ አበባን የማስዋብ የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ይፋ አደረጉ፦ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር «ገበታ ለሸገር» ተብሎ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ተበላ። ከዚያ ወዲህ መናፈሻው፣ መብራቱ፣ የድንጋይ ንጣፉ በየቴሌቪዥኑ ይታያል። እኔ የመናፈሻ ጠላት አይደለሁም። ልጆች የሚጫወቱበት ሣር ሲዘረጋ ደስ ይለኛል። ግን መሐንዲስ ነኝና የምጠይቀው ሌላ ነው። ዳርቻውስ አማረ፤ መካከል ላይ የሚሄደው ምንድን ነው?

የወንዝን ጤና ለማወቅ የመጀመሪያው መለኪያ የሟሟ ኦክስጅን ነው። ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ንጹሕ ውኃ እዚያ 7 እንኳ አይሞላም። ብዙ ዓሦች ኦክስጅኑ ከ5 በታች ሲወርድ መጨነቅ ይጀምራሉ። ልዩነቱን አስሉት፤ ሜዳ ላይ ያለ ከተማ 4 የሚያባክነው አለው፣ እኛ 2 የማይሞላ። ፍሳሽ ሲገባ ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ ያንኑ ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ውኃው ይታፈናል፤ ጥቁር ይሆናል፤ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። በወንፊቱ የሚወጣው ነፍሳትም ይለወጣል፦ ጥሩ ውኃ የሚወዱት ጠፍተው፣ ኦክስጅን የመያዝ ልዩ ችሎታ ያላቸው ቀያይ እጮች ብቻ ይቀራሉ። ልጆቹ ከድልድዩ በታች ያገኙት እነዚህኑ ነው። ፈጣሪ በሰጠን ደጋ ላይ የምንኖር ሕዝብ ስለ ወንዝ ከማንም በላይ መጠንቀቅ ሲገባን፣ እኛ አብልጠን አባከንን።

በምዕራብ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከቤት ፍሳሽ ሌላ የፋብሪካ ዕዳ አለበት። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር የሚያነሳው በኖራና በሰልፋይድ ነው፤ ቆዳውን የሚያለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ክሮሚየሙን ሁሉ አይጠጣም፤ ሢሶው ያህል ከውኃው ጋር ይወጣል። የሚመልሰው ማጣሪያ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ለኤሌክትሪክ ወጪ ሲባል ሌሊት ከጠፋ፣ መድረሻው ወንዝ ነው። በዚያ ውኃ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል፤ ገበሬው ሌላ ውኃ የለውም፤ እኛም ከገበያ ገዝተን እንበላዋለን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ እምቦጭ የወረረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ማዳበሪያው ነው። ከዚያ ውኃው አዋሽ ይገባል፤ በቆቃ አልፎ አፋር ምድር ድረስ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የላክንበትን የሚቀበል ውቅያኖስ የለም፤ የሚቀበለው የአፋር አርብቶ አደርና ከብቱ ነው።

ሐቁን አልሸሽግም። ሁሉም ጥፋት የፋብሪካ አይደለም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በ2010 ዓ.ም. ገደማ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ተደርጎ መስፋፋቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሙያተኞቹን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ቱቦ ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በጨለማ ወደ ወንዝ የሚለቅቀው የእኛው ጎረቤት፣ የእኛው ዘመድ ነው። ግን ከየትኛው ድልድይ በላይ ስንት፣ ከየትኛው በታች ስንት እንደሚገባ ሳይለካ ማን ማንን ሊወቅስ ይችላል? ቱቦውስ በቅድሚያ የት ይዘርጋ?

ሕግማ ሞልቶናል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። አንብቡት፤ ግዴታ ይላል! እነዚያ ተማሪዎች የተወጡት ግዴታቸውን ነው።

አለፍ እንበል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ «አንተ ምን አገባህ» ሳይባል፣ በካይን ለሚመለከተው ባለሥልጣን መክሰስ እንደሚችል ደንግጓል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንደዚህ ያለ ሰፊ መብት በብዙ አገር አይገኝም። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የ5 ዓመት ዕፎይታ ሰጥቶ ነበር። አምስቱ ዓመት ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ዕፎይታው ለፋብሪካው አልቋል፤ ለወንዙ ግን አልጀመረም።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አንድ አገር በቀል የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ወዲያው በ2001 ዓ.ም. ኢሕአዴግ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አወጣና፣ ከገቢው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ስለ ወንዝ የሚከራከር አፍ እንዲህ ተለጎመ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲሻር ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ታዲያ አዋጁ ከተሻረ በኋላ ሰሌዳ የሚያስነሳው በየትኛው አዋጅ ነው?

በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ወንዝ በሚበክሉ ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። መልካም ነው። የደንብ ማስከበር ሠራተኞች እገሌን ይህን ያህል ሺህ ብር ቀጣን ሲሉ እንሰማለን። የቅጣቱ ቁጥር ለሕዝብ ይነገራል፤ የውኃው ቁጥርስ? ሐኪም በሽተኛውን ስንት እንዳስከፈለው ነግሮን ትኩሳቱን ከደበቀን ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ለሚቀርቡት ሰበቦች

«ልጆች ናቸው፣ ባለሙያ አይደሉም» ይሉናል። እውነት ነው፣ ባለሙያ አይደሉም። እኔ ግን ባለሙያ ነኝና ልመስክር። ልጅ የለካው ቁጥር ለፍርድ ቤት ላይበቃ ይችላል፤ ለማንቂያ ደወል ግን ይበቃል። ስህተት ከሆነም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መንግሥት በራሱ ላቦራቶሪ ይለካና ትክክለኛውን ከልጆቹ ቁጥር ጎን ይለጥፍ። ስህተት በተሻለ ልኬት ይታረማል እንጂ ሰሌዳ በማንሳት አይታረምም።

«ገጽታ ያበላሻል፣ ባለሀብት ያሸሻል» ይላሉ። ቆዳችንን የሚገዛው ፈረንጅ እኮ ዛሬ ፍሳሽህን የት ታደርሳለህ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ገጽታ የሚያበላሸው ጥቁሩ ውኃ ነው።

«ፋብሪካ ከተዘጋ የሠራተኛው ልጅ ምን ይበላል?» የሚለው ግን ከሁሉም የከበደ ነውና አላቃልለውም። ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም። ማጣሪያውን ያሠራ ነው ያልኩት። ክሮሚየም ተመልሶ በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ዕቃ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጣለው የፋብሪካው ገንዘብ ጭምር ነው። ደግሞም የሠራተኛው ልጅ የሚበላው ጎመን የሚበቅለው በዚያው ውኃ ዳር ነው።

«ከውጭ የተላከ መለኪያ ነው፣ እጁ ያለበት አለ» የሚለውን ደግሞ ሳልመልስ አላልፍም። አዎ፣ እጄ አለበት። ካርቶኗን የላክኋት እኔ ነኝ። ያደግሁት ቀበና ወንዝ ዳር ነው፤ ዋና የተማርኩት እዚያው ነው። ያኔም ውኃው ጠበል ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እናቴ «እዚያ ገብተህ እንዳትመጣ» ትለን ነበር። ግን ገብተን እንወጣ ነበር፤ ዓሣም በእጃችን እንይዝ ነበር። ለወንዜ ቴርሞሜትር ብልክ የትኛው ሉዓላዊነት ተደፈረ?

ትውልድ እናወዳድር

እኔ የዘመቻው ትውልድ ነኝ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ገጠር ሲዘምት አብሬ ዘምቻለሁ። የእኛ ትውልድ ለአገሩ ሕይወቱን ሳይሰስት ሰጥቷል፤ የዚያን ያህል ግን መፈክር እንጂ መለኪያ አልነበረውም። ሁሉን እናውቃለን ብለን ተነሳን፤ አንዱን እንኳ ሳንለካ እርስ በርስ ተላለቅን። የቀረነውም በየባዕዱ አገር ተበተንን።

እነዚህ ልጆች መፈክር አልያዙም። «ይውደም» አላሉም፣ «ይቅደም» አላሉም። ብልቃጥ ውኃ ውስጥ ነክረው ያዩትን ጻፉ። ለዚች አገር ከዚህ የበለጠ ጨዋ ዜጋ ከየት ይመጣላታል? መንግሥት በየዓመቱ ተማሪዎችን ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ያስተክላል፤ ይትከሉ፣ ደግ ነው። ነገር ግን ተማሪ ችግኝ ሲይዝ «ተተኪ ትውልድ»፣ ቴርሞሜትር ሲይዝ «ማን ፈቀደልህ» ከተባለ፣ የተፈለገው እጁ እንጂ አእምሮው አይደለም ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የልጆቹ ሰሌዳ ወደ ቦታው ይመለስ፤ «ለጊዜው» የተወሰዱት ብልቃጦችም ይመለሱ። ጊዜው አልፏል።

ሁለተኛ፣ በከተማው በየዋናው ድልድይ ሥር ውኃው በየሳምንቱ ይለካ፤ ውጤቱም እዚያው ድልድዩ ላይ አላፊ አግዳሚው በሚያነበው ሰሌዳ ይለጠፍ። 29 ቢሊዮን ብር ለታሰበለት ወንዝ ይህ ምኑም አይደለም። የዚያ እራት የአንድ ወንበር ዋጋ ለስንት ትምህርት ቤት መለኪያ እንደሚገዛ እስቲ አስሉት።

ሦስተኛ፣ የየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በአቅራቢያው ያለውን ወንዝ የመለካትና የመለጠፍ ነፃነቱ ይከበርለት። መምህራኑም ስለዚህ አይጠየቁ።

አራተኛ፣ እኛ በውጭ ያለነው። በየሬስቶራንቱ ተቀምጠን መንግሥት ስንገለብጥና ስንሾም ሃምሳ ዓመት አለፈ። እስቲ በየተወለድንበት ሰፈር አንዲት ካርቶን እንላክ። ኬሚስት ነህ? መሐንዲስ ነሽ? ሐኪም ነህ? ከአንድ መምህር ጋር ተገናኝ፤ ልጆቹ የላኩትን ቁጥር በስልክ አብረህ አንብብ። የሕግ ሰዎች ደግሞ አንቀጽ 11ን ከመደርደሪያ አውርዱልን፤ ሠላሳው ቀን መቆጠር ይጀምር።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የጻፈችልኝን ነግሬአችሁ ላብቃ። ልጆቹ አሁንም በየዓርቡ ወንዝ ይወርዳሉ። ብልቃጥ ስለሌላቸው የሚለኩት ሙቀቱን ብቻ ነው፤ በወንፊት ነፍሳቱን ይቆጥራሉ። ሰሌዳ ስለሌላቸው በደብተራቸው ይጽፋሉ። አንድ ሁለት ደብተር ሞልቷል አለችኝ።

እኔም ሌላ ካርቶን እያዘጋጀሁ ነው።

ወንዛችንን ይፈውስልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን!
ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!